ለሚቀጥለው ሰው የተሰናዳ ምድጃ

የተጠራችው ለፊርማ ብቻ ነበር። ከቮስ ከተማ በላይ ባለች የተራራ ጎጆ ውስጥ አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ በምድጃ ጭስ ታፍኖ ሞቷል፤ የአካባቢው ፖሊስም አደጋ ነው ብሎ ጽፏል። ከበርገን የምትመጣው መርማሪ ቶሩን ሞላንድ አይታ፣ ፈርማ፣ ትመለሳለች። «ከዓርብ በኋላ የፋሲካ ዕረፍት ነው፤ አገሩ በሙሉ ተራራ ይወጣል። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡን እዘጋለሁ» ብሏታል አቃቤ ሕጉ በስልክ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

መንገድ ላይ የመኪናዋ ሬዲዮ አንድ ዘፈን አራት ጊዜ አሰማት፤ ያውም ሙሉውን ሳይሆን የሠላሳ ሰከንድ ቁራጭ። «ከተራራው ውረጂ» የተባለው የሄድቪግ ሉተ አዲስ ነጠላ ዘፈን ዓርብ ቀትር ላይ ይለቀቃል፤ አገሩም እየተቁነጠነጠ ይጠብቀዋል። ብረት በብረት ሲመታ የሚመስል ምት አለው፤ ከሥሩ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ያጉረመርማል፤ መጨረሻ ላይ ከሩቅ ገደል የምትጣራ ሴት ድምፅ ትመጣና ልክ ልብ ማንጠልጠል ስትጀምር ቁራጩ ያልቃል። ቶሩን በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜዋ ነገር ተጀምሮ ሳያልቅ ሲተው ያንገበግባታል። ሬዲዮውን ዘጋችው። የሞተው ሰው የዚሁ ዘፈን አቀናባሪ ነበር።

የቮስ ፖሊስ አዛዥ ኢንግቫልድ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሰው ነው። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ቡናማ አይብ የተኛበት ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ እያላመጠ ጠበቃት።

«ዳግፊን ሪስነስ፣ አርባ አንድ ዓመት» አለ። «ሰኞ ጠዋት ጎረቤቱ ነው ያገኘው። መደቡ ላይ ተኝቶ፣ የጆሮ ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንደተሰካ። ሐኪሙ የፍም ጭስ ነው ብሏል። ፍሙ ሳይጠፋ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ገፋው። የከተማ ሰው እንደዚያ ነው፤ ሙቀት እንዳያመልጠው ብሎ ነፍሱን ያስመልጣል።»

ቶሩን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሟቹ እስከ ደረቱ ብርድ ልብስ ለብሷል። ኩባያዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። ወለሉ ተጠርጓል። መዝጊያው ተገፍቷል። የብረት ምድጃው በር ለፎቶ ተከፍቶ፣ ውስጡ የበርች ዛፍ ፍልጥ ከላዩም ስስ ጭራሮ ተደርድሮበታል። ምድጃው ላይ ግማሽ የተከፈተ የክብሪት ሳጥን አለ፤ ሦስት ክብሪቶች ራሳቸውን ወደ ውጪ አውጥተዋል። አጠገቡ የሟቹ መነጽር ተቀምጧል።

«በምን ሞተ አልከኝ?»

«በፍም ጭስ አልኩሽ እኮ።»

«ፍሙ የታለ?»

ኢንግቫልድ ማላመጡን አቆመ።

«አመዱስ?» አለች።

«ምድጃው ተሰናድቷል» አለ ቀስ ብሎ፤ ለልጅ እንደሚያስረዳ። «አመዱ ወጥቶ፣ እንጨት ገብቶ፣ ለሚቀጥለው ሰው። ማንም ሰው ከተራራ ቤት ሲወጣ የሚያደርገው ነገር ነው። አንቺም ታደርጊያለሽ።»

«ሲወጣ አልክ። ዳግፊን ወጣ እንዴ?»

ቶሩን ደሟ ፈላ። ሦስት ፖሊሶችና አንድ ሐኪም ያንን ምድጃ አይተውታል፤ አንዳቸውም አልደነቃቸውም፤ ምክንያቱም ጨዋ ሰው ትቶት የሚሄድ ዓይነት ምድጃ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ፤ እነዚህ ደግሞ ገና ሳይሮጡ ፈትተውታል።

«እሁድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት ነበር» አለ ኢንግቫልድ፣ ትንሽ ክብሩን ለማትረፍ። «ዘፈኑን ለአሳታሚው የላከው ያኔ ነው። ከራሱ ላፕቶፕ፣ "ተጠናቋል፤ ዓርብ ይለቀቅ" ብሎ። እሁድ ማታ ነው የሞተው።»

ቶሩን ጃኬቷን አነሳች።

ጎጆዋ ከመንገዱ፣ በረዶው ላይ በስኪ ተንሸራተው፣ የአንድ ሰዓት ርቀት ላይ ናት። ቶሩን የምድጃውን በር ስትከፍተው ቋ አለ፤ እጇ ባለበት ቀረ። የዘፈኑ ምት ይህ ነበር፤ ሰውየው የዘፈኑን ከበሮ የሠራው ከገዛ ምድጃው በር ነው። በባትሪ ወደ ውስጥ አየች። ፍልጥ፣ ጭራሮ፣ ከጭራሮው መሃል የተጨማደደ ወረቀት። ልታወጣው እጇን ሰደደችና ተወችው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ባለሙያ ካላወጣው ፍርድ ቤት አይቆምም። በርገን ደወለች። ባለሙያው ከዓርብ ጠዋት በፊት መምጣት አይችልም፤ ፋሲካ ነው። ፋሲካ፣ ፋሲካ፣ ፋሲካ። ጥርሷን ነክሳ የምድጃውን በር በፖሊስ ፕላስተር አሸገችው።

የጎጆዋ ባለቤት ኦድቫር ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ቤቱ ከጎጆዋ በታች ሆኖ መስኮቱ ወደ ጭስ ማውጫዋ ያያል። ጎጆዋን ለዳግፊን ያከራየው ለክረምቱ ሲሆን፣ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«ጭሱ የቆመው መቼ ነው?» አለችው።

«ቅዳሜ፣ ሊመሽ ሲል።»

«እሁድስ?»

«እሁድ አልጨሰም።»

«ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ዲግሪ ነበር። አልደነቀዎትም?»

«ሰውየው ሌት ተቀን ብረት ሲደበድብ የሚውል ነው። ምኑ ይደንቀኛል።»

«ታዲያ ሰኞ ለምን ሄዱ?»

«ልሄድ ስለፈለግሁ።»

«ለምን ፈለጉ?»

«ልጄ፣ ለዚያ ለዋፍል በላተኛውም ነግሬዋለሁ። የራሴ ጉዳይ ነው።»

«አባቴ፣ ሰው ሞቷል።»

«ስለሞተ ነው የማልነግርሽ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከዚያ በኋላ ቶሩን ብትለምነውም ብትቆጣውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስትወጣ ግን የጓሮ በሩን ከፍቶ፣ በረዶው ላይ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዞ እስከ መንገዱ ሸኛት። ይህ ይበልጥ አበሳጫት።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ጎጆዋ ውስጥ ከዳግፊን ጋር የከረሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዘፋኟ ሄድቪግ፤ ጓደኛዋና የኪቦርድ ተጫዋቿ ያርሌ፤ ማናጀሯ ሼቲል ቫገ። ሄድቪግና ያርሌ ከተማው ውስጥ በያርሌ ወላጆች ቤት አርፈዋል። ቶሩን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው አብጧል።

«ምድጃውን እስከ አፉ የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ ያርሌ፣ ሳትጠይቀው። «ተኝቶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ፣ የቅዳሜ ገንፎውን በልቶ፣ ማዳመጫውን እንደሰካ ወደቀ። እንዳይበርደው ብዬ ሞላሁት።»

«መዝጊያውስ?»

«ክፍት ነበር። ስድስት ዓመት የተራራ ቤቶች ጠባቂ ሆኜ አገልግያለሁ። ይህንን የማላውቅ መሰለሽ?»

«መጨረሻ የወጣው ማነው?»

ተያዩ።

«ማን ያውቃል» አለች ሄድቪግ። «ያርሌ እንጨት ሊጨምር ገባ። እኔ ብርድ ልብስ ላለብሰው ገባሁ። ሼቲልም ገብቷል። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። እሱ ከመግባቱ በፊት ስኪዬን ማሰር አቅቶኝ ነበር፤ ሼቲል ነው በዚያ ወፍራም ጓንቱ አሥር ደቂቃ ታግሎ ያሰረልኝ። እየሳቅንበት ነበር።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሰውየው ውስጥ እየሞተ እኛ እየሳቅን።»

«እሳቱን ማን ያቀጣጥል ነበር?»

«እኔ አንዴ ሞክሬ ቤቱን ሁሉ በጭስ ሞላሁት፤ የበርገን ኮንዶሚኒየም ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ማቀጣጠያ ወረቀት ፍለጋ ቤቱን ገለባበጥኩት፤ አንዲት ቅዳጅ የለም። ያርሌ ነው በመጨረሻዋ የበርች ቅርፊት ያያያዘው።»

«እሁድ የት ነበራችሁ?»

«ስኪ ላይ» አሉ እኩል።

«አንድ ላይ?»

«እኔ በሐይቁ በኩል፣ እሷ በጫካው በኩል» አለ ያርሌ። «ተጣልተን ነበር። ዳግፊን የኔን ኪቦርድ ሙሉ በሙሉ ከዘፈኑ አውጥቶት ነበር፤ እሷም ዝም አለች።»

ቶሩን ማስታወሻዋን ከደነች። በዚህ አገር እሁድ ቤቱ የሚገኝ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል። ሁሉም ስኪ ላይ ነው፣ ሁሉም ብቻውን ነው፣ ምስክሩም በረዶ ነው፤ በረዶው ደግሞ እሁድ ማታ ዳግም ጥሎ ዱካውን ሁሉ አልብሶታል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይህ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሼቲል ቫገን በሆቴሉ ቁርስ ቤት አገኘችው። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ጽድት ያለ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ሆቴሉ በየማለዳው በየጠረጴዛው የሚያስቀምጠውን ቢጫ የበረዶና የአየር ሁኔታ ወረቀት ወደ ጎን ገፍቶ ቦታ ለቀቀላት። ውጪው በደመና ስለጨለመ በጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ሻማ ለኮሰ፤ ሳጥኑን እንደነገሩ ገፋ አድርጎ ሻማው ሥር ተወው፤ የክብሪቶቹ ራስ ብቅ ብቅ እንዳለ ቀረ።

«ሥራውን ጨርሶ መሞቱ ነው የሚያጽናናኝ» አላት። «እሁድ ራሱ ላከው። ዳግፊን ልብ የሚያደርቅ ሰው ነበር፤ አንድ ዘፈን ሁለት ዓመት። ይህን ግን ወዶታል።»

«ቅሬታ አልነበረውም?»

«ምንም።»

«ቅዳሜ ስትወጡ ተመልሰህ ገብተሃል።»

«ጓንቴን ረስቼ። ግማሽ ደቂቃ አይሆንም።»

«ምድጃውን አየኸው?»

ሳቀ። «መርማሪ፣ እኔ የኦስሎ ሰው ነኝ። ለኔ ምድጃ ማለት ግድግዳ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ነው። ያርሌን ጠይቂው፤ እሱ ነው የእንጨት ቄስ።»

«እሁድስ?»

«እንደ ማንም ሰው ስኪ። እዚሁ ሆቴሉ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ። ወድቄ ልብስ አበላሸሁ።»

ቶሩን አመሰገነችውና ወጣች። አንድ ነገር አይታ ምን እንዳየች ሳታውቅ የቀረች መሰላት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። ጠይቃው የነበረው ስለ ሆድ ዕቃ ነው። «የሩዝ ገንፎ» አላት። «በቅቤና በቀረፋ። ገና በወጉ አልተፈጨም።»

ገንፎ የቅዳሜ ምሳ ነው። በዚህ አገር እሁድ ገንፎ የሚበላ ሰው የለም።

ስልኩን ሳትዘጋ ሄድቪግ ቢሮው በር ላይ ቆማ አየቻት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ትናንት ያልነገርኩሽ አለ» አለች። «የመጨረሻዋ ጥሪ፣ የሴትዮዋ ድምፅ፣ የኔ አይደለችም።»

«የማን ናት?»

«የኦድቫር ሚስት ናት፤ ቦርግሂል። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ። ከብቶቿን ከተራራ ስትጣራ የተቀዳ ካሴት ዳግፊን ጎጆዋ መሳቢያ ውስጥ አገኘ። ዘፈኑን ሁሉ የሠራው በዚያች ድምፅ ዙሪያ ነው። ከዚያ ነውር መሰለው። ዓርብ ዕለት ወርዶ ሽማግሌውን ጠየቀው።»

«ሽማግሌውስ?»

«ሊሰማ እንኳ አልፈለገም። "ሚስቴ ለጭፈራ አልተጣራችም" ብሎ በሩን ዘጋበት። ዳግፊን መጥቶ "እሱ እሺ ካላለ ዘፈኑ አይወጣም፤ አለቀ" አለን። ሦስታችንም ሰምተናል።»

«እሁድ ግን "ይለቀቅ" የሚል መልእክት ሄደ።»

«ሽማግሌው ተስማማ ማለት ነው ብለን ደስ አለን።»

«ጠየቃችሁት?»

ሄድቪግ ጣቶቿን አየች። «አልጠየቅንም። እምቢ ካለስ ብለን ፈራን። ስድስት ዓመት በገበያ አዳራሽና በሠርግ ላይ ዘፍኛለሁ። ይህ ዘፈን ካልወጣ እኔም አልወጣም።» ካፖርቷን ሰበሰበች። «አሁን ግን ማስታወቂያውን በሰማሁ ቁጥር እፍረት ይገድለኛል። የሟቹን ቃል ረግጬ ልታወቅ ነው። ማን እንደላከው ካላወቅኩ ደግሞ እንዴት ብዬ ላስቆመው?»

ቶሩን አቃቤ ሕጉ ጋ ደወለች። ገንፎውን፣ ምድጃውን፣ ካሴቱን ነገረችው። ሰውየው ሻንጣ ሲያዘጋጅ ይሰማታል።

«ገንፎና እንጨት» አለ። «ስም አለሽ?»

«ነገ ይኖረኛል።»

«እስከ ስድስት ሰዓት» ብሎ ዘጋው።

ኦድቫር ጋ ደወለች። ሰኞ ለምን እንደሄደ እንደገና ጠየቀችው። እሱም ዘጋው። ጠረጴዛውን በጥፊ መታች፤ ከላዩ ያለው የኢንግቫልድ ሻማ ተንገዳገደ፤ ከሥሩ የክብሪት ሳጥን ነበረ። ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ የክብሪት ሳጥን። ቶሩን ሳጥኑን አነሳችው። ከዚያ ኮቷን እንኳ ሳትለብስ ወደ ሕዝብ መዝገብ ክፍል ሄደች።

ዓርብ በአራት ሰዓት ሁሉም ጎጆዋ ውስጥ ነበሩ። ሄድቪግና ያርሌ ዳግፊን የሞተበትን መደብ ሽሽት በሩ አጠገብ ቆመዋል። ኦድቫር የራሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሼቲል ሰዓቱን ያያል። ኢንግቫልድ አፍንጫውን ይጠርጋል። ከበርገን የመጣው ባለሙያ ነጭ ጓንት አድርጎ ምድጃው ፊት ተንበርክኳል። ሁሉም ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል።

«ቢያንስ እሳት ብናነድ ምናለበት?» አለ ሼቲል።

«ምድጃው ማስረጃ ነው፤ ለዚህ ነው የማናነደው» አለች ቶሩን። «እንግዲህ ስሙኝ፤ አጭር ነው፤ እኔም እንደናንተ በርዶኛል። ዳግፊን በፍም ጭስ ሞተ። የሞተው እሁድ ሳይሆን ቅዳሜ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የቅዳሜ ገንፎ ነበር። ኦድቫርም ከቅዳሜ ምሽት ወዲህ ጭስ አላዩም፤ በዚህ ብርድ በሕይወት ያለ ሰው ምድጃውን ሳያነድ አይውልም። ስለዚህ የእሁዱን መልእክት የላከው ሬሳ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።»

ቀጠለች። «ያ ሰው መጣ፣ ሬሳው እያየው ላፕቶፑን ከፍቶ ላከ። ዱካውን ሊያጠፋ ኩባያዎቹን አጠበ፣ ወለሉን ጠረገ። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ፤ ማንም ያላዘዘው፣ ምንም የማይጠቅመው። አመዱን አውጥቶ ምድጃውን ለሚቀጥለው ሰው አሰናዳ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ እሱን ደግሞ ምድጃ ፊት አንበረከከው። አመዱን ባይነካው ኖሮ እኔ ረቡዕ ዕለት ፈርሜ ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ የእንጨት ቄሱን ያዢዋ» አለ ኢንግቫልድ፣ ወደ ያርሌ እያየ። ያርሌ ነጣ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ምድጃው ላይ የክብሪት ሳጥን ነበር፤ ግማሽ ተከፍቶ፣ ሦስት ክብሪት ራሱን አውጥቶ። ያርሌ፣ አንተ በምትጠብቃቸው ቤቶች ክብሪት እንዴት ትተዋለህ?»

«እርጥበት እንዳይገባው በቆርቆሮ ውስጥ፣ ክድኑን አጥብቄ።»

«እርስዎስ አባቴ?»

«ኪሴ ውስጥ» አለ ኦድቫር።

«አባቴ በሰሜን፣ በፊንማርክ ሜዳ ላይ የስልክ ሽቦ ሠራተኛ ነበር» አለች ቶሩን። «እቤት ውስጥ ሳጥን ጥርቅም አድርገን ስንዘጋ ይቆጣ ነበር። "ጣቱ የደነዘዘ ሰው ሳጥን መክፈት አይችልም፤ ሦስቱን አውጡለት" ይል ነበር። ይህን ነገር አርባ ዓመት ረስቼው ነበር። ትናንት ጠዋት ሻማ ሥር አየሁት። ሼቲል፣ የኦስሎ ሰው ነኝ ብለኸኛል።»

«ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ።»

«ከዚያ በፊት አሥራ ስምንቱን ዓመት የኖርከው ፊንማርክ ውስጥ፣ የመንገደኛ ማረፊያ ቤት ውስጥ ነው። አባትህ ጠባቂው ነበር። በሕዝብ መዝገብ አለ።»

«ክብሪት» አለ ሼቲል። «በክብሪት ሰው ልታስሪ?»

«አይደለም። ቅዳሜ ጓንትህን ረስተህ እንደተመለስክ ነግረኸኛል። ሄድቪግ ደግሞ ከዚያ በፊት ስኪዋን ያሰርክላት በወፍራም ጓንትህ እንደሆነ ነግራኛለች። እጅህ ላይ ያለ ጓንት አይረሳም። የተመለስከው መዝጊያውን ለመግፋት ነው፤ ያርሌ ምድጃውን እስከ አፉ ሞልቶልሃል።»

ሄድቪግ አፏን በእጇ ያዘች።

«እሱም ቃል ነው፤ ያንቺ ቃል በኔ ላይ» አለ ሼቲል።

«ልክ ነህ። ለዚህ ነው ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እብድ ስቃጠል የጠበቅኩት። ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ቅዳጅ ወረቀት አልነበረም፤ ቅርፊቱም አልቋል። ምድጃው ውስጥ ግን ወረቀት አለ። ያሰናዳው ሰው ከኪሱ ነው ያወጣው።» ወደ ባለሙያው ዞረች። «አውጣው።»

ባለሙያው ፕላስተሩን ቀደደ። በሩ ቋ ሲል ሄድቪግ ደነገጠች። ጭራሮውን አንድ በአንድ አነሳ፣ ከመሃሉ በመቆንጠጫ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቢጫ ነበር። ከላይ የሆቴሉ ስም፣ ከሥሩ የእሁድ ቀን፤ ከዚያ የበረዶው ጥልቀትና የነፋሱ ፍጥነት።

«በዚያ ሆቴል ያረፍከው አንተ ብቻ ነህ» አለች ቶሩን።

ሼቲል ወረቀቱን አየው። ከዚያ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ እነሱን አየ።

«መቼ እንዳሰናዳሁት አላውቅም» አለ። «እውነቴን ነው። ልሄድ ስል ተሰናድቶ አየሁት።»

«ለምን?» አለች ሄድቪግ። «ለምን ሼቲል?»

«ላንቺ ነው እንዳልልሽ አታምኚኝም። ሠላሳ ዓመት ለሰው በር ስከፍት ኖርኩ፤ ሁሉም ገቡ፣ እኔ ውጪ ቀረሁ። ይህ ዘፈን የመጨረሻዬ ነበር። እሱ ደግሞ ለአንዲት ላም ጠሪ ብሎ ሊቀብረው ነው። አንድ ሽማግሌ እምቢ ስላለ ብቻ።»

ቶሩን መቆጣት አማራት፤ ተቆጣችም። «ለማታውቀው ሰው ጣት አዘንክ» አለችው። «ሦስት ክብሪት አወጣህለት። አጠገብህ ለተኛው ግን አየር ነሳኸው። ኢንግቫልድ፣ ውሰደው።»

ሄድቪግ ስልኳን አውጥታ ጥግ ይዛ ደወለች። ቃሏ ግልጽ ነበር። «አቁሙት። አይለቀቅም። አይ፣ ለሌላ ቀን አይደለም፤ ፈቃድ የለንም።» ስልኩን ዘግታ ወደ ኦድቫር ዞረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዱሮ ነበር መጠየቅ የነበረብን። ካሴቱንም አስመልስልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ቀና አላለም። ቶሩን አጠገቡ ቁጭ አለች። ጉዳዩ አልቆ ነበር፤ አቃቤ ሕጉም ስሙን ከስድስት ሰዓት በፊት ያገኛል፤ ግን አንድ ሳይጨረስ የተተወ ነገር ነበር፤ እሷ ደግሞ ያንን አትችልም።

«አባቴ፣ ለመዝገቡ አይደለም። ሰኞ ለምን መጡ?»

ኢንግቫልድ ሼቲልን ክንዱን ይዞ በሩ ላይ ደርሷል።

«የካሴቱ ሌላ ቅጂ አለኝ» አለ ኦድቫር። «ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ አልሰማሁትም፤ አቃተኝ። ያ ልጅ በር ከዘጋሁበት በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ማታ አውጥቼ ሰማሁት። እኔ ስሞት ይህን ድምፅ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አይኖርም ብዬ አሰብኩ። በእሁድ ሰው አላስቸግርም፤ ሰኞ ማለዳ ስኪዬን አስሬ ወጣሁ።» መደቡን አየው። «እሺ ልለው ነው የመጣሁት።»

በሩ ላይ ሼቲል ቆመ። ኢንግቫልድ ቢጎትተውም አልተንቀሳቀሰም።

«ሰኞ?» አለ።

«ሰኞ» አለ ኦድቫር፣ ሳይዞር። «ሲበርደኝ ምድጃውን ላያይዝ ነበር፤ ከዚያ እሱን አየሁት።»

ሼቲል ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ፣ ብርድ እንዳይገባ አጥብቆ ዘጋው። ሄድቪግ ስልኳን ከፍታ ዘፈኑን እንዲሰማ የጆሮ ማዳመጫዋን ለኦድቫር ዘረጋችለት፤ ሽማግሌው ማዳመጫውን በእጁ መለሰ፤ ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንድታስቀምጠው ጠቆማት። ቶሩን ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማችው።